በዝንጅብል መጋዘን የተሰበረው ኪቦርድ

መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከእስክሪብቶ ክዳንና ከሞቱ ባትሪዎች ጋር፣ አንዲት ነጭ የፕላስቲክ ቁራጭ ትኖራለች። የኪቦርድ ቁልፍ ነች፤ አንድ ጫፏ ተሰብሯል። ባየኋት ቁጥር ደረቅ ዝንጅብል ይሸተኛል፤ የእንጨት መቀመጫ ዱካ ሰው ጀርባ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅም ጆሮዬ ላይ ይመጣል። የእኔ ዘመን ሰዎች ስለ ልጅነታቸው ሙዚቃ ሲጽፉ ፍቅር ነበር፣ መከባበር ነበር ይላሉ። የት ከተማ እንዳደጉ አላውቅም። ሶዶ ውስጥ ዱላ ነበር።

አዲስ ባንድ ለማየት የምንሄደው ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሀጂ ሙዘይን መጋዘን ነበር። ሀጂ የስልጤ ነጋዴ ናቸው፤ ከቦምቤ በኩል የሚመጣውን ዝንጅብል የሚያከማቹበት ቤት ጆንያው ወጥቶ ባዶ ሲሆን ለወጣቶች ይለቁላቸዋል። "መጠጥ አይገባም" ይላሉ በር ላይ ቆመው። እውነትም ጠርሙስ አይገባም፤ አረቄው የሚገባው በሰው ሆድ ውስጥ ሆኖ ነው። ጭፈራው ሲጀመር ወለሉ ላይ የቀረው የዝንጅብል ብናኝ ይነሳና ቤቱን ሙሉ ያስነጥሳል። ዘፋኝ እያስነጠሰ ይዘፍናል፤ ተመልካች እያስነጠሰ ይሳደባል። የከተማችን የመርካቶ ሰፈር ልጆች የአራዳ ሰፈርን ባንድ በጠጠር ያባርራሉ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ብድሩ ይመለሳል። አንድ ከበሮ መቺ የፊት ጥርሱን እዚያ ትቶ ሄዶ በሳምንቱ ተመልሶ መታ። እንዲህ ያለ የሙዚቃ ፍቅር ዛሬ የት አለ?

ታላቅ ወንድሜ ናሆም ስም ሳያወጣ ጠላት ያፈራ አንድ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወት ነበር። ኪቦርዱ የእሱ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያናችን ነው። ናሆም የመዘምራኑ ተጫዋች ስለሆነ የዕቃ ቤቱ መክፈቻ እሱ ዘንድ ነበር። ያን ቅዳሜ በአልጋ ልብስ ጠቅልሎ አወጣው።

"አንቺ፣ ትንፍሽ ካልሽ ያግዱኛል" አለኝ መንገድ ላይ። "ካገዱኝ ደግሞ ጣቴን የማሳርፍበት ሌላ ኪቦርድ የለም። ገባሽ?"

ገብቶኛል። ናሆም ምግብ እስኪቀርብ ድረስ እንኳ ጠረጴዛው ላይ በጣቱ የሚጫወት ልጅ ነበር። ኪቦርዱ እሁድ ጠዋት ሳይጎድል በቦታው መገኘት አለበት፤ የሚያሳስበን ይኸው ብቻ ነበር።

ሲጀምሩ ጥሩ ነበሩ፤ እውነቱን ለመናገር ከጥሩም በላይ ነበሩ። የዘፋኙ የቶማስ ጉሮሮ እንደ መጋዝ ይቆርጣል፤ የሰዉ ወገብ ከሌላው አካሉ ተገንጥሎ የሚሄድ ይመስል ነበር። ከፊት ባሎታ የሚባል ባለ ሉካንዳ ሸሚዙን አውልቆ ይጨፍራል። እናቱን ከቀበረ ገና ወሩ አልሞላም፤ ጓደኞቹ ይውጣለት ብለው ነው ያመጡት።

ከዚያ ቶማስ ትንፋሽ ሊሰበስብ ቆመና "ሳሮ ሶዶ፣ ሰላም ናችሁ?" ብሎ ሰላምታውን ማራዘም ጀመረ። መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሪው መዝሙሩን አቁሞ ማውራት ሲጀምር ኪቦርድ ተጫዋች ዝም አይልም፤ ከሥር ቀስ አድርጎ ሌላ መዝሙር ያንቆረቁራል። ናሆም ከሕፃንነቱ የተማረው ይህን ነው። ጣቶቹ እሱን ሳያማክሩ ወደ ለመዱት ሄዱ። የሄዱትም በከተማችን ሬሳ ከቤት ሲወጣ ወደሚዘመረው የወላይትኛ መዝሙር ነበር።

ጭፈራው ቆመ። ከኋላ አንዲት ሴት ልማድ ሆኖባት ተቀብላ መዘመር ጀመረች፤ አንዳንዱ ኮፍያውን አወለቀ። ባሎታ እጆቹ አየር ላይ እንዳሉ ደርቆ ቀረ።

"በእናቴ ለቅሶ ነው የምታስጨፍሩኝ?" አለ። አልጮኸም።

"ኧረ ጋሼ፣ ተሳስቶ ነው" አለ ቶማስ በማይኩ።

"አፈሯ ሳይደርቅ?"

ራሱ ሲጨፍር ነበር፤ ያበገነውም ይኸው ይመስለኛል። የማይኩን መቆሚያ ብረት ነጥቆ የቶማስን አፍንጫ ሰበረው። የቶማስ ወገኖች ባሎታን፣ የባሎታ ጓደኞች የቶማስን ወገኖች፣ ምንም ያልገባቸው ደግሞ አጠገባቸው የተገኘውን መቱ። ዱካ ይበራል፤ ያረፈበትን የሚሰብር የዋንዛ ዱካ። ብናኙ ዓይን ስለሚያቃጥል ሰው የሚመታውን ሳያይ ይመታል። ጆሮው የተቀደደ ሰውዬ ቁስሉን በጆንያ ጠርጎ ተመልሶ ሲገባ አይቻለሁ። ናሆም አልተማታም። ኪቦርዱ ላይ በደረቱ ተኝቶ አቀፈው። ዱካው ጀርባው ላይ፣ እርግጫው ጎኑ ላይ ሲያርፍ ለመከላከል እንኳ እጁን አላነሳም። በመጨረሻ ባሎታ ፀጉሩን ይዞ ጎተተውና ከነኪቦርዱ መሬት ላይ ጣለው። አንድ ነገር ቀጭ አለ። የናሆም የጎድን አጥንት መስሎኝ ነበር። አጥንቱም ተሰብሮ ነበር፤ ነጯ ቁልፍ ግን ተንሸራታ እግሬ ሥር መጣች። ሀጂ ውኃ በባልዲ እየደፉ፣ ውሻ እንደሚገላግል ሰው ገላገሉን።

ኦቶና ሆስፒታል ወስደን የተተረተረ ቅንድቡን አሰፋን። እሁድ ጠዋት አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኖ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠ። መዝሙሩ ያቺ ቁልፍ ጋ ሲደርስ ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል፤ ናሆም ፈጥኖ ይዘልላታል፤ ጉድጓዱ ግን ተመልሶ ይመጣል። የመዘምራኑ አለቃ ጋሽ ጴጥሮስ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ታገሡ። ከዚያ የተሰፋውን ቅንድብ አዩ፣ ባዶውን ቦታ አዩ።

"የዕቃ ቤቱን መክፈቻ ስጠኝ፣ ልጄ" አሉት ቀስ ብለው።

ከዚያ ሁሉ ዱላ ይበልጥ የጎዳው ይህ ነው። ናሆም ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛ ላይ እንኳ አልተጫወተም።

በቅርቡ እሁድ ከሰዓት አንድ ሆቴል ግቢ ተቀምጠን የናሆምን ልጅ ባንድ ስናይ ነበር። ልጁ ኪቦርድ ይጫወታል፤ ያውም የራሱን። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ማንም አያስነጥስም፣ ሰዉ በአንድ እጁ በስልኩ እየቀረጸ በሌላው ጥብስ ይጎርሳል። በመሃል ልጁ ያንኑ የቀብር መዝሙር፣ አውቆ፣ በጭፈራ ምት ቀላቅሎ አመጣው። ተጨበጨበለት።

ናሆም ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ ዳሰስ አደረገና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "አንድ እንኳ የሚናደድ ሰው የለም እንዴ?"

ዙሪያውን ቃኘሁ። አልነበረም። ሳላስበው የወንበሬን መደገፊያ ጨብጫለሁ፤ ፕላስቲክ ነው፣ ቢወረወርም የሚሰብረው ነገር የለም። ይህንኑ ልነግረው ዞር ስል ናሆም እኔን እያየ አልነበረም። ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ልጁን እየተከተሉ ነው፤ ያቺ ቁልፍ ጋ ሲደርሱ ይዘልላሉ።