የዘለበቱ ሹል

የግራ ዓይኔን ያጠፋው አጎቴ ነው።

ልጄ የቤቱን ጥቃቅን ዕቃ በስልኳ እያጎላች ታነሳለች። ትናንት «አባዬ፣ ይሄ ምን ይመስልሃል?» ብላ አሳየችኝ። የቀበቶዬ ዘለበት ነው፤ ሹሉ የማረሻ ጫፍ አክሏል። አፌ ደም ደም አለኝ።

አባቴ ሲሞት እንጦጦ ላይ ያሳደገኝ አጎቴ ነበር። ትምህርት ቤት አስገባኝ ያልኩት ቀን ቀበቶውን ፈታ። በዘለበቱ በኩል ፊት ፊቴን ገረፈኝ።

«ፊደል ቆጥረህ ነገ ልትጠይቀኝ ነው፣ አንተ ውሻ!»

ምን እንደምጠይቀው አላወቅኩም። ለካስ የምንኖርበት ቤት የአባቴ ኖሯል።

«ታዲያ ዝም አልከው?» አለች ልጄ።

ዝም አላልኩትም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ ቆጥሬም ጠየቅኩት። ሽማግሌ ፊት የቤቱን ቁልፍ ያስረከበኝ መስከረም አንድ፣ በራጉኤል ዕለት ነው።