ይሄ ይጣላል?

የፊዚክስ ትምህርት ክፍላችን ቅዳሜ ቅዳሜ ለትምህርት ቤት መምህራን ሥልጠና ይሰጣል። እኔ የቤተ ሙከራው ዕቃ ጠባቂ ነኝ። ከሠልጣኞቹ መካከል ሁልጊዜ ከቆሻሻ ቅርጫቱ አጠገብ የሚቀመጡ አንዲት ጠና ያሉ መምህርት አሉ። ሹራባቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ቦርሳቸው ግን ሰው ያስገባል። ፕሮፌሰሩ ስለ ብርሃን ሲተነትኑ የእሳቸው ዓይን እኔ ልጥለው የያዝኩት የተሰነጠቀ ሌንስ ላይ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ይጣላል?»

«ተሰንጥቋል እኮ፣ እትዬ!»

«ብርሃን ደግሞ ምን ይጠየፋል!»

ሌንሱ ቦርሳ ገባ። ከዚያ በፊት የላላ ሞላ፣ ግማሽ ማግኔትና ጫፉ የተቃጠለ ሽቦ ገብተዋል። ዝም ብዬ ከቆምኩ እኔንም ይከቱኛል ብዬ አንድ ዕቃ ያዝ አድርጌ መንጎራደድ ጀምሬያለሁ።

በመጨረሻው ቅዳሜ ሠልጣኞቹ ስለየትምህርት ቤታቸው ቅጽ ሞሉ። ስሰበስብ የእሳቸውን አየሁት፤ የተማሪ ቁጥር፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት። «የቤተ ሙከራው ስፋት» የሚለው ግን ባዶ ነው።

«እትዬ፣ ይቺን ረሷት» አልኳቸው።

ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«እንግዲህ አንተው ለካው» አሉኝ።