ከሩቅ የታየው ስንጥቅ

የሕንፃ ተቆጣጣሪዋ መሰላል መውጣት የተወችው ጉልበቷ ከተሰበረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጣሪያ ጣሪያ ስትል የኖረች ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ «ድመቷ» ነበር የሚሏት። አንድ የበሰበሰ መሰላል ከሁለተኛ ፎቅ ይዟት ከወረደ ወዲህ ግን ቅጽል ስሙም ቀረ፣ እሷም ምድር ላይ ቆማ ሽቅብ የምታይ ሰው ሆነች።

መሥሪያ ቤቱ የሰጣት ኪስ የምትገባ ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ነበረች። ለቅርብ ነገር ደህና ናት። ከፍ ያለውን ፎቅ ግን ዙሟን እስከ ጥግ ቢጎትቱትም አታመጣውም፤ ፎቶው ኮምፒውተር ላይ ሲሰፋ ግድግዳው ውሃ እንደነካው ወረቀት ይደበዝዛል። ትልቅ ካሜራ ይገዛልኝ ብላ ሁለት ጊዜ ጻፈች። ኃላፊዋ ሁለቴም «በጀት ሲለቀቅ» አላት።

መላውን የነገራት አንድ አዛውንት ካሜራ ጠጋኝ ነው። ከመሳቢያው ጡጫ የሚያህል ከባድ ሌንስ አወጣ።

«ይሄ ቴሌኮንቨርተር ይባላል፣ ልጄ። በዚህች ቱቦ አድርገሽ ከካሜራሽ ሌንስ ፊት ታስሪዋለሽ። የሩቁን በእጥፍ ያቀርብልሻል። ግን ዓመል አለበት። ዙሙን እስከ መጨረሻው ካልጎተትሽ የምስሉን ዙሪያ በጥቁር ክብ ይከብብብሻል። በእጅሽ ይዘሽም አታንሺ፤ ትንፋሽሽ እንኳ ያናውጠዋል።»

የመጀመሪያ ሳምንት ፎቶዎቿ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ብዥ ያለ ሆነ። እየዋለ ሲያድር ግን ዓመሉን ለመደችው። ካሜራዋን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስራ፣ ሰዓት ቆጣሪውን ሁለት ሰከንድ ላይ አድርጋ፣ ቁልፉን ተጭና እጇን ትሰበስባለች። የምታነሳውም ጠዋት ነው፤ ቀትር ላይ ከአስፋልቱ የሚነሳው ሙቀት ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል።

የአንድ ጤና ጣቢያ የቁጥጥር ተራ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነፍሰ ጡሮች ተራ የሚጠብቁበት ረጅም በረንዳ አለ። ከመንገዱ ማዶ ሆና ሆዱን፣ የበረንዳውን የታች ወገን ማለት ነው፣ አነሳችው። ፎቶውን ስታሰፋ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት በኩል ቀጭን መስመር አየች። ከመስመሩ ሥር ዝገት የመሰለ ቡናማ ነገር ወርዷል።

ያንን በረንዳ ከአራት ዓመት በፊት የጠገነው ታናሽ ወንድሟ ነበር፤ እናታቸው ሥራ ስትውል አዝላ ያሳደገችው፣ ግንበኝነት ያስገባችውም እሷ ናት።

በዚያው ቀን ሄዳ ፎቶውን አሳየችው። አየት አድርጎ ሳቀ።

«እትዬ ደግሞ! ይሄኮ ሌንስሽ ላይ የተጣበቀ ፀጉር ነው። በካሜራ ላይ ካሜራ ደርበሽ ምን ጉድ የማታዪው አለ? ስንጥቅ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ማመን ፈለገች። በማግስቱ ሌንሱን ፈትታ ወለወለችና መልሳ አሰረችው፤ ከዚያም ካሜራውን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያዞረች አነሳች። ፀጉር ቢሆን መስመሩ ከፎቶው አንድ ቦታ ላይ አይለቅም ነበር። መስመሩ ግን በረንዳው በሄደበት ሁሉ አብሮት ሄደ።

ሁለተኛ ስትመጣ ወንድሟ አልሳቀም። በሩን ዘጋና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንድ ወር ስጪኝ፣ እትዬ» አላት። «እኔው ራሴ ቀስ ብዬ አድሰዋለሁ። ሪፖርት ከጻፍሽ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ልጆቼን አስቢ።»

«ሰው ይቀመጥበታል እኮ!»

«አራት ዓመት የቆመ በረንዳ አንድ ወር ያቅተዋል?»

በሩን ከፍታ ወጣች። ሪፖርቱን ግን አልጻፈችም። ጠዋት ጠዋት እየሄደች ታነሳለች፣ የዛሬውን ከትናንቱ ታስተያያለች፣ «ያው ነው» ትላለች፤ በስድስተኛው ቀን ግን ያው አልነበረም፣ ስንጥቁ ሰፍቷል። እንዲያም ሆኖ ሪፖርቱን ሳትጽፍ ሦስት ቀን ደገመች። ምግብ አልወርድ አላት። እናቷ «ምን ሆነሻል?» ብትላት «ጉልበቴን ነው» አለች።

በዘጠነኛው ቀን ካሜራውን እንደለመደችው አስተካክላ ስክሪኑን ስታይ አንዲት ነፍሰ ጡር የበረንዳውን ብረት ተደግፋ ብርቱካን ትልጣለች። ሌንሱ ሴትዮዋን አጠገቧ አምጥቶ አቁሟታል፤ የጥፍሯ ቀለም ተላልጦ ይታያል። ከሥሯ ስንጥቁ ጣት ያስገባል።

ካሜራውን እዚያው ትታ መንገዱን ተሻገረች። ሦስቱን ፎቅ በዚያ ጉልበቷ እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። «ውጡ! ሁላችሁም ወደ ውስጥ ግቡ!» ብላ ጮኸች። አንዲት ነርስ እብድ መስላት ልትይዛት መጣች። እሷ ግን የመጨረሻዋ ሴት እስክትገባ የበረንዳው በር ላይ ቆማ ቆየች፤ ከዚያ በሩን አስቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

ከሰዓት በኋላ ሪፖርቱን ጻፈች። የወንድሟን ስም ጻፈች፤ ዘጠኙን ቀንም ጻፈች። ኃላፊዋ አንብቦ ሲጨርስ፣ «ይሄን የቀኑን ነገር ማን ጠየቀሽ?» አላት።

«ማንም።»

ልስኑ ሲፈነቀል ብረቱን ዝገት ውስጥ ለውስጥ በልቶት ተገኘ። ወንድሟ የዛገውን ሳይቀይር በሲሚንቶ ሸፍኖት ነበር። ፈቃዱን ተነጠቀ፣ ዛሬ በሰው ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ ነው። እሷም ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት መዝገብ ቤት ተቀመጠች። ካሜራውን ከነሌንሱ በቦታዋ ለተተካው ተቆጣጣሪ ስታስረክብ ስለ ጥቁሩ ክብ ነገረችው፣ ሌላ አልጨመረችም።

እህትና ወንድም ሆድና ጀርባ ሆነው ቀሩ። እናታቸው «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» እያለች ለማስታረቅ ሞክራ ነበር። ወንድሟ «ዘጠኝ ቀን ከቻለች ሃያ አንድ ቀን ያቅታት ነበር?» ብሎ መለሰ። ይህ ሲነገራት አልተቆጣችም፤ ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን የወንድሟ ቂም ሳይሆን ዘጠኙ ቀን ነው።

አሁን እሱ እናቱን የሚጠይቀው እሑድ ነው፣ እሷ ረቡዕ። እናት ሁለቱንም ቀን በር ከፍታ፣ ከኋላ ሌላ ሰው እንዳለ አሻግራ ታይና፣ «ዛሬም ብቻህን ነህ?»፣ «ዛሬም ብቻሽን ነሽ?» ትላለች።