የውሃ አባቱና አሮጌው ዊንዶውስ

ባለፈው ሳምንት ከወንድሜ የተረፈውን ሳጥን ሳራግፍ ያ ኪቦርድ ወጣ። መሰኪያው ክብ ነው፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፤ ፊደሎቹ በጣት ብዛት ተፍቀዋል። ገልብጬ መታ መታ ሳደርገው የቆቦ አቧራ ቡን አለ። የጋለ ፕላስቲክና ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚሸት አፈር አንድ ላይ አፍንጫዬን መታኝ። በቃ፣ እዚያው ቁጭ አልኩ።

ያኔ ፈተና ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ነበር። ወንድሜ ቆቦ አስፋልቱ ዳር ማመልከቻ የሚተይብበትና ፎቶ ኮፒ የሚያነሳበት ክፍል ነበረው፤ እኔም እዚያ እውል ነበር። ላግዘው ብዬ እንዳይመስልህ! ክዳኑ የተነሳ ኮምፒውተር ማየት ስለምወድ ነው። የትኛው ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ሳላውቅ ምሳ አይወርድልኝም ነበር።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ጠዋት የውሃ አባቱ ከሮቢት በባጃጅ መጡ። የጎሊና ወንዝ ደፍርሶ ሲመጣ ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል፤ ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል የሚለውን ተራ የሚያስከብሩት እሳቸው ናቸው። ያንን ተራ ወንድሜ ከዓመታት በፊት ተይቦላቸው ነበር፤ ወረቀቱን ምስጥ በላው።

"ተራዋን ሊነጥቋት ነው" አሉ ገና ሳይቀመጡ።

ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት አለች። አራተኛዋ እሷ ናት ይላሉ እሳቸው። የገዛ ወንድማቸው ልጅ ደግሞ አራተኛው እኔ ነኝ ብሎ ተነሳ። "አንቱ አርጅተዋል፣ ተምታቶብዎት ነው" አላቸው፤ ከተሰበሰበውም ሰው እሳቸውን የደገፈ አልተገኘም። የመጀመሪያው ጎርፍ ካመለጣት ማሽላዋ አለቀለት።

ዝርዝሩ የተተየበበት ኮምፒውተር ግን ሞቷል። መብራት ሄዶ ሲመለስ በጉልበት መጥቶ ዋናውን ቦርድ አቃጠለው፤ የተረፈው ዲስኩ ብቻ ነው። ወንድሜ ከደሴ በመጣ አዲስ ቦርድና ከየሞተው ማሽን በነቃቀለው ዕቃ ሌላ ገጣጥሟል። በአዲሱ ዊንዶውስ ፋይሉን ሲከፍተው አማርኛው ሁሉ የጭረት መዓት ሆነ። ያንን ፊደል የሚያውቀው የድሮው የግዕዝ መተየቢያ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለ ድሮው ዊንዶውስ፣ ያለ ኤክስፒ አልነሳም አለ።

"እንግዲያው ኤክስፒ እንጭናለን" አለ ወንድሜ። ቦርዱ ለኤክስፒ እንዳልተሠራ ሁለታችንም እናውቃለን። ብንሳሳት እንኳ ዝርዝሩ እንዳይጠፋ የድሮውን ዲስክ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠን፣ ባዶ ዲስክ ሰክተን ሲዲውን አስገባን።

ትንሽ እንደሄደ በሰማያዊ ገጽ ላይ የማናውቀው ስህተት ጽፎ ቀጥ አለ። ደገምነው፤ ያው። ወንድሜ ብረቱን ዳሰሰና "ሙቀት ነው" አለ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አጥፍቶት፣ የመጠጥ ውሃ ጀሪካን የምናቀዘቅዝበትን ጆንያ አርሶ ኮምፒውተሩን ጠቀለለው!

"አንተ ሰው፣ አብደሃል?"

"ውሃ ያቀዘቀዘ ጆንያ ለዚህ ያንሰዋል?" አለኝ ኮራ ብሎ።

የውሃ አባቱ በር ላይ ካለው አግዳሚ ሆነው "ይሄም ይጠማዋል እንዴ?" አሉ። በሳቅ ሞትን። ጆንያውን ገፍፌ ጠብ ጠብ ያለውን ውሃ በነጠላዬ ሳደርቅ፣ ከወደ ግዳን ተራሮች ጉርምርምታ ተሰማ። ደጋ ከዘነበ ጎሊና መምጣቱ ነው። እሳቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩም፤ ምርኩዛቸውን ብቻ ጠበቅ አደረጉ።

የቦርዱን መመሪያ አነሳሁ። እንግሊዝኛዬ እንደነገሩ ነው፤ ግን ነገሩ ከነከነኝ። አንድ ገጽ ላይ ቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት ሁለት መንገድ እንዳለ ይናገራል፤ አንዱ አዲስ፣ አንዱ የድሮ። "ኤክስፒ እኮ ሽማግሌ ነው፣ አዲሱን አነጋገር ከየት ያውቀዋል?" አልኩና ወደ ድሮው መለስኩት። ሰማያዊው ገጽ ያለ ስህተት መጣና "ለመቀጠል ኢንተር ይጫኑ" የሚል ነገር በእንግሊዝኛ ጻፈ። ብጫን ብጫን አዲሱ ኪቦርድ ድንጋይ ሆነ። ከዚያ ይሄንን፣ ባለ ክቡን፣ ከሞተው ማሽን ነቅዬ ሰካሁት። አንዴ ስጫነው እሺ አለኝ! ጩኸቴ ሻይ ቤቱ ድረስ ተሰምቷል።

ከሰዓት ላይ ተጭኖ አለቀ። ድምፅ የለው፣ ቀለሙ ደብዛዛ፣ ፊደሉ ጡብ ጡብ ያህላል። መተየቢያውን ጫንን፣ የድሮውን ዲስክ ሰካን፣ ፋይሉን ከፈትን። አማርኛ!

እኔ ማንበብ ጀመርኩ። አንደኛ፣ ሁለተኛ... እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ከንፈራቸው ግን ከእኔ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። ሦስተኛው ላይ ማንበቤን አቁሜ አየኋቸው።

"ቀጥይ ልጄ።"

አልቀጠልኩም። አራተኛውን ራሳቸው ጠሩት፤ ስክሪኑን አየሁ፣ የሴትየዋ ስም ነው። ከዚያ በኋላ እሳቸው በቃላቸው ይጠራሉ፣ እኔ በጣቴ ስክሪኑ ላይ እከተላለሁ። እስከ መጨረሻው አንድም አልሳቱ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"አልሀምዱሊላህ" አሉ፤ ዓይናቸውን በፎጣቸው ጫፍ ጠረጉ። "እኔም እኮ ራሴን ጠርጥሬ ነበር፣ ልጄ። አርጅተሃል ሲሉኝ፣ እውነታቸው ይሆን እንዴ ብዬ።"

ወንድሜ ያተመላቸውን ወረቀት ጉያቸው ውስጥ ከትተው ሄዱ። በማግስቱ ጎሊና መጣ፤ ሴትየዋም በተራዋ አጠጣች።

እሳቸው ካረፉ ቆየ፤ ወንድሜም ተከተላቸው። ያኔ እሳቸው ከሄዱም በኋላ ደጋግሜ ከማንበቤ የተነሳ ያ ተራ ከአእምሮዬ የሚጠፋ አይመስለኝም ነበር። ባለፈው ሳምንት ኪቦርዱን ጭኔ ላይ አድርጌ በቃሌ ልወጣው ሞከርኩ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሴትየዋ፣ ከእሷ በኋላ ያሉት ሁለቱ። ሰባተኛው ላይ ቀጥ አልኩ። ትንሽ ጠበቅሁ። "ቀጥይ ልጄ" የሚለኝ ሰው ግን የለም።