በጀት የሚጠብቅ ስንዴ

ውብአየሁን በዳንግላው የእርዳታ እህል መጋዘን ዘበኝነት ያስቀጠረው አገውኛም አማርኛም መቻሉ ነው። ትውልዱ ከቆሰበር በላይ ካለው ደጋ ነበር። በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ በረዶ ወርዶ የዚያን አገር ገብስ ከነአገዳው አስተኛው። ሰዉ እስከ ፋሲካ በድንች ቆየ፤ ከዚያ ወዲያ የዘር ድንቹንም በላው።

ሰኔ ሲገባ ስንዴ ከአዲስ አበባ በመኪና መጣና መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሞላ። እህሉን የላከው መሥሪያ ቤት ግን የማከፋፈያውን ገንዘብ፣ ማለት የአጋሰሱን ኪራይና የአዳዮቹን ደመወዝ፣ ለብቻው በጀት አድርጌ እልካለሁ ብሎ ነበር። በጀቱ ሳይደርስ አንዲት ቁና እንዳትወጣ የሚል ትእዛዝም አብሮ መጣ። ሐምሌ ተጋመሰ፤ በጀቱ የውኃ ሽታ ሆነ።

አንድ ማለዳ ውብአየሁ በሩ ላይ ቆሞ ሳለ በቆሰበር መንገድ ሰው ጎርፎ መጣ። ከፊት የአገሩ ሽማግሌ አባ ነጋ በትራቸውን ተደግፈው፣ ከኋላቸው ታላቅ እህቱ ስሜነሽ። ሁሉም ባዶ ስልቻ ትከሻቸው ላይ ጥለዋል። ስሜነሽ ጉንጯ ከመጎድጎዱ የተነሣ መጀመሪያ አላወቃትም።

«በሩን ክፈትልን» አለችው በአገውኛ።

«ቁልፉ እኔ ዘንድ አይደለም።»

«ጠመንጃውስ?»

ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረ። የመጨረሻ ልጇን፣ ሸጋን፣ እንዴት ናት ብሎ ሊጠይቃት ሲል ቀደመችው። «ሸጋን ሐሙስ ቀበርናት።»

የእህሉ ኃላፊ አቶ አድማሴ ጫጫታውን ሰምተው ከቢሯቸው ወጡ። ቁልፉ ቀበቷቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሰዉ ወደ በሩ ሲጠጋ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ውብአየሁ፣ ወደ ሰማይ ተኩስ። ካልተመለሱ አፈሙዙን ዝቅ አድርግ።»

ውብአየሁ ጠመንጃውን አቀባበለ። ድምፁን ሰምቶ ወደ ኋላ ያለ ግን አልነበረም። ከተኮሰ ሰዉ ደንግጦ ወደ በሩ እንደሚጎርፍ፣ ያን ጊዜ ዝቅ ማድረጉ እንደማይቀርለት ታየው። ጥይቱን መልሶ አወጣና ኪሱ ከተተ።

«አቶ አድማሴ፣ በጀቱ ለምን ለምን ነበር የሚያስፈልገው?»

«ለአጋሰስ ኪራይ፣ ለአዳይ ደመወዝ። ታውቅ የለም?»

«እነዚህ በጀርባቸው ይወስዱታል። አዳይም አባ ነጋ አሉ፤ ደመወዝ አይጠይቁም።»

«ነገ እህሉ የት ገባ ብባል ምን ልመልስ? ልጆች አሉኝ።»

«ዘበኛው ነው ያስወጣው ይበሉ። ርስቴን አስይዤ ዋስ እሆናለሁ።»

አቶ አድማሴ ሰዉን አዩ፤ ስሜነሽን አዩ። ፈሪ ቢሆኑም ክፉ ሰው አልነበሩም። እማኝ ተጠርቶ ውብአየሁ የዋስትናው ወረቀት ላይ ጣቱን ካተመ በኋላ ቁልፉን ፈትተው ሰጡት።

«አንተው ክፈተው» አሉት።

አባ ነጋ በየቤተሰቡ ልክ እየሰፈሩ አደሉ። ሰዉም ተሸክሞ በዝናብ ወደ አገሩ አቀና። ስሜነሽ ስልቻዋን ስታነሣ ውብአየሁ ሊያግዛት ጎንበስ አለ።

«ተወው» አለችው። «እችላለሁ።»

በጀቱ ለመስቀል ደረሰ፤ ተቆጣጣሪም አብሮ መጣ። አቶ አድማሴ ዘበኛው ነው አሉ። ውብአየሁ ከሥራው ተባረረ። ርስቱ እንዳይነካ ግን አባ ነጋ ዳንግላ ድረስ ተመላልሰው፣ ስንዴው ለየቤቱ መድረሱን በመሐላ መስክረው ዋስትናውን አስጣሉለት። በበጀቱ የመጣው የአጋሰስ ኪራይ ምን ላይ እንደዋለ የነገረው የለም፤ እሱም አልጠየቀም።

ወደ ደጋው ተመልሶ ማረስ ጀመረ። ስሜነሽ ዓመት ሙሉ ቤቱን አልረገጠችም። በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር አንድ ጠዋት ብቻውን ሲያጭድ ማጭዷን ይዛ ማሳው ዳር መጣች። ሰላምታም ሳትሰጠው ከጎኑ ገብታ ማጨድ ያዘች፤ እሱም ቦታ ለቀቀላት።