ሰማያዊ ለብሷል ያለኝ ተከላካይ

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ አንሶላ ማጠፍ ነው። ከማድረቂያው ገና የወጣ፣ የሚሞቅ ትልቅ አንሶላ ነበር። እሱ ሁለቱን ጫፍ ይዞ መስኮቱ ጋ ቆመ፤ እኔ ሁለቱን ይዤ በሩ ጋ። አሜሪካ፣ ማርልቦሮ ያለው ቤታችን ሳሎኑ ጠባብ ስለሆነ ሁልጊዜ የምንቆመው እንደዚያ ነው። አንድ ጊዜ ባጠፍን ቁጥር አንድ የኳስ ተጫዋች ስም ይጠራል። የሚጠራው በቀዮቹም በሰማያዊዎቹም የተጫወቱትን ብቻ ነው።

ቀዮቹና ሰማያዊዎቹ ባላንጣ የሆኑ የእንግሊዝ ክለቦች ናቸው። ባለቤቴ የቀዮቹ ደጋፊ ነበር፤ እዚሁ አጠገባችን ዶቨር የሚኖረው የሥራ ጓደኛው የሰማያዊዎቹ። የእንግሊዝ ከሰዓት እዚህ ጠዋት ነውና ጓደኛው ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብለው ሲነታረኩ ያረፍዳሉ። ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው የሄዱትን ተጫዋቾች ጓደኛው “ከሃዲዎች” ይላቸዋል። ባለቤቴ ግን ይወዳቸው ነበር፤ ስማቸውን በደብተር ጽፎ ይዟል። እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ልጃችን “ዳዲ፣ ዱዋል ሲቲዝን ናቸው በለኛ” እያለች፣ የሁለት አገር ዜጋ አድርጋቸው፣ ትስቅበት ነበር። እኔ ኳስ አልወድም። ሆኖም ያን ሁሉ ዓመት ሻይ ሳቀርብ እየሰማሁ ዝርዝሩን በቃሌ ይዤዋለሁ።

የዚያን ቀን ሦስተኛው እጥፋት ላይ ሲደርስ የአንድ ተከላካይ ስም ጠራ። ከቀዮቹ ጋር ያረጀ ሰው ነው።

“እሱማ የለበትም” አልኩ።

“ለምን አይኖርበትም?”

“ሰማያዊ ለብሶ አያውቅማ። እኔ እንኳን አውቃለሁ።”

“ለብሷል እንጂ! በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን?”

“በቃ፣ እርጅና መጣ” ብዬው ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። አንሶላውን ተቀብዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ደረጃው ላይ ወደቀ።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘችን ሐኪም ልጅ እግር ነበረች። “ዛሬ ከመውደቁ በፊት ግራ የመጋባት ነገር አይተሽበታል? ስም መሳሳት፣ ነገር ማምታታት?” ብላ ጠየቀችኝ። “የለም፣ እንደ ወትሮው ነበር” አልኳት። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እንደፈሰሰ፣ እንዲህ ባለው ሕመም ቶሎ መድረስ ወሳኝ እንደሆነ ነገረችኝ። በማግሥቱ አረፈ።

የተከላካዩ ስም ትዝ ያለኝ ቀብር ላይ ቆሜ ነው። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ፤ ሰው ሐዘኑ መስሎት ደገፈኝ።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ያ ተጫዋች አንድ ቀን እንኳ ሰማያዊ ለብሶ ከሆነ የባለቤቴ አእምሮ ደህና ነበር ማለት ነው። ካልለበሰ ግን ሕመሙ ጀምሮት ነበር፤ እኔ ደግሞ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ይዤ እየሳቅኩበት ነበር። ያኔውኑ አምቡላንስ ብጠራ ኖሮስ? የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እየመጡ “የጌታ ፈቃድ ነው” ሲሉኝ ራሴን እነቀንቃለሁ። እንደሳቅኩ ለማንም አልተናገርኩም።

ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ስሙ የለም። መጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ መስመር በእስክሪብቶ ድምጥማጡ እስኪጠፋ ጠቁሯል፤ ሲጽፍ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ስልኬ ላይ የተከላካዩን ስም እጽፍና መፈለጊያውን ሳልነካ እቀመጣለሁ። ስክሪኑ ሲጠፋ መልሼ አበራዋለሁ። አንድ ቀን ልጄ ከኋላዬ መጥታ “ማሚ፣ ምን ሰርች እያደረግሽ ነው?” አለችኝ። “አየሩን” አልኳት። የታጠበው አንሶላ ቅርጫት ውስጥ እንደተከመረ ይሰነብታል፤ ሲያስፈልገኝ ከነጭምድዱ አነጥፈዋለሁ።

ጓደኛው ቅዳሜ መምጣት ትቶ ነበር። በሌላ ቀን ይመጣና በር ላይ ቆሞ “የጎደለ ነገር አለ?” ብሎኝ ይሄዳል። በረዶ ጥሎ ባደረበት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ደጄን ሲጠርግልኝ አገኘሁትና ግባ አልኩት። ሁለቱ ክለቦች የሚገጥሙበት ቀን እንደሆነ አውቃለሁ። ሪሞቱን ሰጠሁት።

“ተይ እንጂ እህቴ፣ ሐዘን ቤት” አለ።

“ክፈተው። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዲቀለኝ ብለህ እንዳትዋሸኝ።”

የተከላካዩን ስም ጠራሁለት። ለሰማያዊዎቹ ተጫውቶ ያውቃል ወይ አልኩት።

“በጭራሽ!” አለ። “አንድ ቀን! አንድ ደቂቃ! ሞተ ብዬ ይቺን አልለቅለትም።”

ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ጭራሽ ተነሥቶ ቆመ።

“ያንን ነገር አሁንም ይነግርሽ ነበር እንዴ?”

“አሁንም ማለት?”

“ከልጅነቱ የያዘው ነዋ! መርካቶ ማልያ ላይ ስም የሚያትም ነጋዴ ነበር አሉ። ቀዩ ሲያልቅበት የዚያን ተከላካይ ስም ሰማያዊው ላይ አትሞ ‘ተዛውሯል፣ አልሰማህም?’ ብሎ ሸጠለት። ያንቺው ባል ደግሞ አመነው! በዓይኔ አየሁ ይላል፤ ያየው ራሱ የለበሰውን ነው። ለሺፍት በሄድን ቁጥር መኪና ውስጥ አደረቀኝ እኮ። እኔ ባለሁበት ስሙን እንዳያነሣ አስምዬው ነበር። ደብተሩ የታለ?”

አመጣሁለት። መጀመሪያውን ገጽ ገልጦ በጠቆረው መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

“ይቺን ያጠቆርኳት እኔ ነኝ። በገዛ እስክሪብቶው።”

ገጹን ገልብጬ መስኮቱ ጋ ወሰድኩት። ባለቤቴ ሲጽፍ እስክሪብቶ ይጫናል፤ ፊደሎቹ በጀርባ በኩል አበጥ አበጥ ብለዋል። በጣቴ አንድ በአንድ ዳሰስኳቸው። ያው ስም ነው፤ ከዓመታት በፊት፣ ፍጹም ጤነኛ ሳለ የጻፈው።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ጓደኛው ደነገጠ።

“እሺ በቃ፣ ይግባ። ጻፊው፣ ምን አገባኝ” አለ።

“አይገባም!” አልኩት። “እንደተሰረዘ ይቀመጥ።”

ግራ ገብቶት አየኝ፤ ቀጥሎ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ዘጠና ደቂቃ አብሬው ተቀመጥኩ።

ሁሉም ነገር ለቀቀኝ ማለት አልችልም። ደረጃው ላይ የሰማሁት ድምፅ አለ፤ እሱ አይለቅም። ነገር ግን ያቺ ሐኪም ዛሬ ብትጠይቀኝ መልሴ ያው ነው፦ እንደ ወትሮው ነበር።

አሁን አንሶላ የማጥፈው ብቻዬን ነው። አንዱን ጫፍ ሶፋው ትራስ ሥር ሸጉጬ ሌላውን እስከ በሩ እስበዋለሁ፤ ስም እየጠራሁ አጥፋለሁ፤ በዚያ ተከላካይ ነው የምጀምረው።