እትዬ ሊደርሱ ግማሽ ሰዓት ሲቀር

ስልኩን ያነሳው ባሏ ነበር። «እሺ እትዬ፤ አዎ፣ ቤት ነን» ብሎ ዘጋና ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ከአውቶቡስ ጣቢያ ነው የደወለችው። በግማሽ ሰዓት ትደርሳለች።»

ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ዓይኗን በሳሎኑ ዙሪያ አዞረች። እትዬ፣ የባሏ ታላቅ እህት፣ ሠላሳ ዓመት ዋና ነርስ ሆነው የሠሩ፣ በንጽሕና ቀልድ የማያውቁ ሴት ናቸው። እሷ ገና ሙሽራ ሳለች፣ የመስኮቱን ደፍ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው የጣታቸውን ጫፍ አዩና ምንም ሳይሉ ቀሩ። ያ ዝምታ ከስድብ ብሶ ሃያ ሁለት ዓመት ሆዷ ውስጥ ተቀምጧል።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ደግሞ ሳምንት ቀርቶታል። ሳሎኑ ሳሎንነቱ ከቀረ ሰንብቷል፤ ሶፋው ላይ የተማሪ ሸሚዝ ተከምሯል፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ የስፌት መኪናዋ ተቀምጧል፣ ወለሉ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ለብሷል።

«ሁሉንም ወደ መኝታ ቤት» አለች።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። በዕረፍት ቀኑ መቸኮል አይወድም። «ቀስ ብለን…» ሲል፣ «ቀስ የሚባልበት ሰዓት አይደለም» አለችው። እሱ ሸሚዙን በክንዱ እያቀፈ ሲያመላልስ እሷ ጠረገች፣ ወለወለች። ትኩሱን ካውያ ይዞ ኮሪደሩ መሐል ቆመ።

«ይሄንን የት ላድርገው?»

«የማያቃጥልበት።»

አሰበና ምድጃው ላይ አስቀመጠው። የስፌት መኪናውን ለሁለት ተሸክመው አልጋው ላይ አወጡት። በሩን በትከሻው ገፍቶ ሲዘጋ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አላት። ወዲያው የበሩ ደወል ተደወለ።

እትዬ ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው ጉልበታቸውን ይዘው ገቡ። ተቀመጡ፣ ዙሪያውን አዩ። «ቤትሽ ደስ ይላል» አሉ። ልብስ ሰፊዋ ገና አንዴ ተንፍሳ ሳትጨርስ፣ «እስቲ እግሬን ላንዳፍታ ከፍ ላድርገው። መኝታ ቤቱ በዚህ ነው አይደል?» ብለው ተነሱ።

«እትዬ፣ ሶፋው አለልሽ» አለ ወንድማቸው።

«ሶፋው ያጥረኛል።»

እጀታውን ይዘውት ነበር። በሩ ግማሽ ድረስ ተከፍቶ እምቢ አለ። ገፋ ሲያደርጉት ክምሩ ተንዶ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ።

እትዬ ሸሚዞቹን፣ አልጋው ላይ የተቀመጠውን መኪና፣ ቁርጥራጩን ሁሉ ተራ በተራ አዩ።

«ይሄ ሁሉ ያንቺ ሥራ ነው?»

«አዎ እትዬ። ለሰኞ የሚደርስ ነው። ዛሬ ቁልፍ ልሰፋባቸው ነበር።»

«እኔ መጣሁ ብለሽ ሥራሽን ደበቅሽ?»

ባሏ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እትዬ የአልጋውን ጠርዝ ገለጥ አድርገው ተቀመጡ፣ እግራቸውን የጨርቅ ጥቅል ላይ ሰቀሉ፣ መነጽራቸውን አወጡ።

«መርፌ ስጪኝ። ያበጠው እግሬ ነው እንጂ እጄ አይደለም።»

ባሏ ክር እየቆረጠ ያቀብላል፣ ሁለቱ ይሰፋሉ። ከእትዬ እጅ አምስተኛው ሸሚዝ ሲወጣ ልብስ ሰፊዋ አንዱን አንስታ አየችው። ቁልፎቹ ጨርቁ ላይ ጥብቅ ብለው ተጣብቀዋል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለእኚህ ሴት «እሺ እትዬ» ከማለት ሌላ ያለችው ነገር የለም። አሁንም ዝም ልትል ነበር። ግን ይህን ሸሚዝ ጠዋት ጠዋት ከቁልፉ ጋር ሲታገል የሚያረፍደው ልጅ ታያት።

«እትዬ፣ ጠብቋል» አለች። «ከጨርቁ ትንሽ ከፍ ካላለ በቀዳዳው አያልፍም።»

የባሏ መቀስ ቆመ። እትዬ ሸሚዙን ተቀብለው ሊቆልፉት ሞከሩ። እንደገና ሞከሩ።

«ለካ እንደ ቁስል ነው የዘጋሁት» አሉ። «አሳዪኝ።»

በቁልፉና በጨርቁ መሐል የክብሪት እንጨት አስገብታ ሰፋች፤ እንጨቱን ስባ አወጣችና የላላውን ክር ከሥሩ ጠመጠመችው። እትዬ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ማንም ሳይነግራቸው የአምስቱንም ሸሚዝ የቁልፍ ስፌት መፍታት ጀመሩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግማሹ አልቆ ነበር። እትዬ የጨረሱትን እያንዳንዱን ያቀብሏታል፤ እሷ ቁልፉን ሳብ አድርጋ ታያለች። ያልጣማትን ትመልሳለች፤ እትዬም ተቀብለው መቀስ ያነሳሉ።